የጤፉ ብረት የት ይገባል?

እህቴ፣ «ዘወትር የጤፍ እንጀራ በሽሮ እየበላሁ፣ ጤፍም ብረት አለው እየተባለ፣ እንዴት የብረት እጥረት ያመጣው የደም ማነስ ተገኘብኝ?» ብለው ለጠየቁት፣ ከደረሰብኝ ተነሥቼ ልመልስ። ከስድስት ዓመት በፊት እዚሁ ባሕር ዳር ስመረመር፣ ነፍሰ ጡር ላልሆነች ሴት በዴሲሊትር ደም ከ12 ግራም በታች መውረድ የሌለበት ሄሞግሎቢኔ (ብረት ያለበት፣ ኦክስጅን የሚያመላልሰው የደም ክፍል) 9 ተኩል ሆኖ ተገኘ፤ ለዓመታት ባዮሎጂ ሳስተምር ኖሬ ይህ ስለደረሰብኝ አፈርኩ።

ብረት ወደ ደም የሚገባው በዋናነት ከጨጓራ ቀጥሎ ባለው የትንሹ አንጀት የመጀመሪያ ክፍል ሲሆን፣ የእህልና የጥራጥሬ ብረት በጨጓራ አሲድ ሟሙቶ እዚያ ቢደርስም በመንገዱ የሚይዘው ነገር ካገኘ ሳይመጠጥ ያልፋል። በጤፍ ውስጥ ያለው ፋይቴት አንዱ ያዥ ነው። ሊጡ በእርሾ በደንብ ሲቦካ ፋይቴቱ ስለሚቀንስ፣ የእናቶቻችን ሁለት ሦስት ቀን መታገሥ ለጣዕም ብቻ አልነበረም። ደግሞም በአውድማ ከአፈር ጋር የሚቀላቀለው ብረት በላቦራቶሪ ሲለካ ቁጥሩን ያሳድገዋል እንጂ አብዛኛው ለሰውነት አይውልም።

እኔን የጎዳኝ ግን በዋናነት ቡናው ይመስለኛል። በቤታችን መሶቡ ሳይነሣ ጀበናው ይጣዳል፤ በቡናና በሻይ ውስጥ ያሉት ፖሊፊኖሎች ደግሞ ገና በሆድ ያለውን የምግቡን ብረት ይይዙታል። ቡናውን አልተውኩም፤ ከምግብ ሁለት ሰዓት ያህል አራቅሁት። በምስሩና በጎመኑ ላይ ሎሚ መጭመቅ ጀመርኩ፤ ቫይታሚን ሲ ብረቱ እንዲመጠጥ ያግዛልና። (የዘጌ ደን የሚያስቀረውን ቡናና የሚያግዘውን ሎሚ ጎን ለጎን ማብቀሉ ዛሬም ይገርመኛል።) በሳምንት ሁለት ቀን ቀረሶ ወይም አምባዛ እበላለሁ፤ የዓሣ ሥጋ የራሱ ብረት ጥቂት ቢሆንም አብሮት የተበላው የእህል ብረት እንዲመጠጥ ይረዳል። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ለሊቃውንቱ ልተወው።

ይህ ሁሉ ሐኪም ያዘዘልኝን የብረት ክኒን አልተካም። ሄሞግሎቢኔ በሁለት ወር ቢስተካከልም፣ የሰውነቴ ክምችት እንዲሞላ ሦስት ወር ተጨምሮ ወሰድኩ፤ ክኒኑ ሰገራን ስለሚያጠቁር አይደንግጡ።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ የሰገራ ምርመራ አድርገዋል? በባዶ እግር እርጥብ አፈር ሲረገጥ በቆዳ የሚገባው የመንጠቆ ትል በአንጀት ውስጥ ሆኖ ደም ይመጥጣል፤ የወር አበባ መብዛትና የጨጓራ ቁስለትም ደም ያስፈስሳሉ። ከእነዚህ አንዱ ካለ፣ ደሙ የሚሄድበት ሳይዘጋ ምግቡን ብቻ ማስተካከል አይበቃም።