መልስ፦ ከጦርነት የወጣ ሕዝብ ያለፈውን ቢረሳ አይሻልም ወይ?

ወዳጄ፣ «ለሰላም ሲባል ሁሉንም መርሳት አይሻልም ወይ?» ላልከው፣ ሐሳቡ ጥንትም ተሞክሯል። አቴናውያን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ403 የሠላሳዎቹ አምባገነኖች አገዛዝ ሲወድቅ፣ ከዋነኞቹ ጥፋተኞች በቀር በማንም ላይ ያለፈውን በደል ላያነሱ ተማምለዋል። በ1598 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የፈረንሳዩ ንጉሥ አራተኛው ሄንሪ ያወጣው የናንት አዋጅም ገና በመጀመሪያው አንቀጹ በካቶሊኮችና በፕሮቴስታንቶች መካከል የነበረው የሃይማኖት ጦርነት ትዝታ እንዲዳፈን ያዝዛል። መርሳት በአዋጅ! ትእዛዙ ራሱ ነገሩን በጽሑፍ ማስቀረቱን ልብ በል።

እኔ ግን ዝምታና መርሳት አንድ አይመስሉኝም። ስፔንን እይ። በእርስ በርስ ጦርነት አሸንፎ ሥልጣን የያዘው አምባገነኑ ፍራንኮ በ1975 ከሞተ በኋላ በ1977 የምሕረት ሕግ ወጣ፤ ፖለቲከኞቹም የእርስ በርስ ጦርነቱን ቁስል ላለመነካካት ተስማሙ። ወደ ዴሞክራሲ የተደረገው ሽግግር በዚህ መጠቀሙን አልክድም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳምና፣ የሟቾቹ ቤተሰቦች ግን በየቤታቸው ያስታውሱ ነበር። ከ2000 ጀምሮ የልጅ ልጆች የአያቶቻቸውን አጽም ከጅምላ መቃብር ማስወጣት ጀመሩ፤ በ2007 የታሪካዊ ትዝታ ሕግ ጸደቀ።

ለምን እንዲህ ሆነ ብትል፣ ፈረንሳዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ሞሪስ አልብዋክስ በ1925 ያቀረበው ሐሳብ ይረዳል፦ ሰው የሚያስታውሰው ብቻውን ሳይሆን በቤተሰቡ፣ በሃይማኖቱና በመደቡ ማዕቀፍ ውስጥ ነው። ማዕቀፉ ሳይፈርስ ትዝታው በሕግ አይጠፋም። ስለዚህ በቅድሚያ መጠየቅ ያለበት «እንርሳ» ባዩ ማን እንደሆነ ነው፤ ጥያቄው ከተበዳዩ ሲመጣና ከበዳዩ ሲመጣ ክብደቱ ይለያያል።