ናፍጣውን ቫን በኤሌክትሪክ ልቀይረው ወይ? ከመኪናው በፊት የሚያድርበትን ቦታ እይ

ወንድሜ፣ የጠየቅከው ግልጽ ነው፤ በናፍጣ ቫን ዕቃ ታደርሳለህ፣ አብዛኛውን ቀን 120 ኪሎ ሜትር፣ በሳምንት አንዴ ሁለቴ ደግሞ እስከ 200 ትነዳለህ፤ ወደ ኤሌክትሪክ ብቀይር ያዋጣኛል ወይ ነው ያልከው። ብዙ ሰው መልሱን ከሞዴልና ከካታሎግ ይጀምራል። እኔ ግን መጀመሪያ እንድታጣራ የምፈልገው ሁለት ነገር ነው፦ ቫኑ ሌሊት የት ያድራል፣ ከባዱ የሥራ ቀንህስ ምን ያህል ይበላል? ሁለቱ ከተፈቱ የቀረው ይደረስበታል። ካልተፈቱ ምርጥ የተባለው ቫንም ሥራህን ያጓትተዋል።

ከማደሪያው እንጀምር። ግድግዳ ላይ ያለ ተራ ሶኬት ለብዙ ሰዓት ሳይግል የሚችለው 10 አምፔር ገደማ ነው፤ በ230 ቮልት 2.3 ኪሎዋት ማለት ነው። ሌሊቱን ለ10 ሰዓት ያህል ተሰክቶ ቢቆይ 23 ኪሎዋት ሰዓት ይስባል። ከዚህ ውስጥ ከ10 እስከ 15 በመቶው ቻርጅ ሲደረግ በሙቀት ስለሚባክን ባትሪው ውስጥ የሚገባው 20 ገደማ ነው። ጭነት ይዞ በ100 ኪሎ ሜትር 25 ኪሎዋት ሰዓት የሚበላ ቫን በዚህ 80 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ያንተን 120 አይሸፍንም፤ በየቀኑ የ40 ኪሎ ሜትር ዕዳ እየተጠራቀመ ሳምንቱ ሳያልቅ ባትሪው ባዶ ይሆንብሃል።

ስለዚህ ለቻርጅ ብቻ የተዘረጋ የ32 አምፔር መስመር ያስፈልግሃል። 7 ኪሎዋት ገደማ ይሰጣል፤ ለ120 ኪሎ ሜትር የሚያስፈልግህን 30 ኪሎዋት ሰዓት ከነብክነቱ በ5 ሰዓት ውስጥ ይሞላልሃል። ከማሠራትህ በፊት ቆጣሪህ ስንት አምፔር እንደሚችል አጣራ፤ ምድጃና የውሃ ማሞቂያ አብረው ከበሩ ዋናው ብሬከር ሊወርድ ይችላል፤ ለዚህ ነው ቻርጁን ሁሉም ከተኛ በኋላ እንዲጀምር በሰዓት ማስተካከል የሚሻለው። ሽቦው መዳብ ይሁን፣ ውፍረቱ 6 ካሬ ሚሊ ሜትር፤ ርቀቱ ከ25 ሜትር ካለፈ 10 ካሬ አድርገው፤ አለበለዚያ ቮልቴጁ ይወርዳል። መስመሩ የራሱ ብሬከር ይኑረው። አር.ሲ.ዲ. የሚባለው የንዝረት መከላከያም ዓይነቱ ወሳኝ ነው። በብዙ ቤት ተገጥሞ የሚገኘው ኤ.ሲ. የተባለው ዓይነት ከመኪናው በኩል የዲ.ሲ. (ባትሪ የሚሰጠው ዓይነት ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ) ፍሳሽ ሲመጣበት ሊደነዝዝና መቁረጥ ባለበት ሰዓት ሳይቆርጥ ሊቀር ይችላል። ቻርጀሩ ራሱ 6 ሚሊ አምፔር የዲ.ሲ. ፍሳሽ የሚለይ ከሆነ ኤ ዓይነት ይበቃል፤ ካልሆነ ቢ ዓይነት ነው የሚገጠመው።

ግራውንዱን፣ ፍሳሹን ወደ መሬት የሚያወርደውን መስመር፣ በተለይ አደራ። ግራውንድ ከሌለ ወይም ከደከመ አብዛኛው ቻርጀር ቀይ አብርቶ አልጀምርም ይላል። ያንን ለማለፍ ሶኬቱ ውስጥ ግራውንዱን ከኒውትራል ጋር ላያይዝልህ የሚል ኤሌክትሪሺያን ካጋጠመህ አስቁመው። ኒውትራሉ አንድ ቀን ቢላቀቅ የቫኑ አካል በሙሉ ኤሌክትሪክ ይይዛል፤ በሩን የሚነካው ሰው ሊሞት ይችላል። ትክክለኛው መፍትሔ ዘንግ ተቀብሮ፣ ተለክቶ የሚሠራ ግራውንድ ነው። ተደጋግሞ የሚታየው ብልሽት ደግሞ ከዚህ ሁሉ ቀላሉ ነው፦ በደንብ ያልጠበቀ ቪት። በየሌሊቱ ለሰዓታት 32 አምፔር ሲያልፍበት ይግላል፣ ሲቀዘቅዝ ይላላል፣ በመጨረሻ ፕላስቲኩ ይቀልጣል። ከተገጠመ ከአንድ ወር በኋላ ዋናው ጠፍቶ ሁሉም ቪቶች እንደገና ይጥበቁ።

መብራት የሚቆራረጥበት ቦታ ከሆነ አንድ ሙከራ ጨምር፦ ቻርጅ እያደረገ ብሬከሩን አጥፋና መልሰህ አብራ። አንዳንዱ ቻርጀር ካልተነቀለና ካልተሰካ አይነሳም፤ ጠዋት ስትመጣ 40 በመቶ ላይ ቆሞ ታገኘዋለህ።

አሁን ወደ ርቀቱ። የካታሎግ ቁጥር የላቦራቶሪ ነው። ደብሊው.ኤል.ቲ.ፒ. የሚባለው መለኪያ በ23 ዲግሪ የሚሠራ ነው፤ የቻይናው ሲ.ኤል.ቲ.ሲ. ደግሞ ዝግ ያለ ጉዞ ስለሚበዛበት ቁጥሩ ከዚያም ይበልጣል። ሁለት ቫን ስታወዳድር በአንድ መለኪያ የተለኩ መሆናቸውን እይና ከዚያ ኪሎ ሜትሩን ትተህ በኪሎዋት ሰዓት አስብ። ለመጥፎ ቀን በ100 ኪሎ ሜትር 30 ኪሎዋት ሰዓት ያዝ፤ 15 በመቶ መጠባበቂያ አስቀር፤ ባትሪው ሲያረጅም አስብ። የባትሪ ዋስትና በብዛት 8 ዓመት ወይም 160,000 ኪሎ ሜትር ሲሆን አቅሙ ከ70 በመቶ በታች ካልወረደ አይከፍልም፤ ስለዚህ 70 በመቶን እንደ መደበኛ እርጅና ቁጠረው። 50 ኪሎዋት ሰዓት ያለው ባትሪ ያኔ 35 ይሆናል፣ መጠባበቂያው ሲቀነስ 30 አይሞላም፣ ያም 99 ኪሎ ሜትር ነው። 60 ከሆነ ግን በዚሁ ስሌት 119 ኪሎ ሜትር ይሰጥሃል። ላንተ ሥራ የመጨረሻው ዝቅተኛ 60 ነው፤ ሻጩ የሚነግርህም ጠቅላላውን ሳይሆን ጥቅም ላይ የሚውለውን አቅም መሆኑን አረጋግጥ።

ፍጆታን ከሁሉ በላይ የሚያንረው ፍጥነት ነው። የነፋስ ግፊት በፍጥነቱ ካሬ ስለሚጨምር በሰዓት 110 እና በ90 መካከል ያለው ልዩነት በቫን ቁመት ላይ በጣም ይሰማል። ባዶ ፖርቶመጋላ ጣራ ላይ ይዞ መዞርም ከዚሁ ይቆጠራል፤ የማትጠቀምበት ከሆነ አውርደው። በብርድ ቦታ የጋቢና ማሞቂያ 2 ኪሎዋት እየሳበ 8 ሰዓት ቢሠራ 16 ኪሎዋት ሰዓት ሄደ፤ በየቤቱ እየቆመ በር የሚከፍት አድራሽ ይህ በደንብ ያገኘዋል። የወንበር ማሞቂያ ያለው ምረጥ፤ የሚበላው ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። ዳገት ደግሞ ይኸውልህ፦ 2.5 ቶን የሚመዝን ቫን 500 ሜትር ከፍታ ለመውጣት ብቻ 3.4 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል፣ የሞተሩ ብክነት ሳይቆጠር። ሲወርድ ከፊሉን ይመልሳል፤ ነገር ግን ባትሪው 100 በመቶ ሞልቶ ከሆነ የሚቀበልበት ቦታ ስለሌለ ሞተሩ አይይዝልህም፣ ሸክሙ ሁሉ ፍሬን ላይ ያርፋል። ማደሪያህ ከፍታ ላይ ከሆነ ቻርጁን 90 በመቶ ላይ አቁመው።

ጭነትን በተመለከተ፣ የዚህ መጠን ባትሪ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ይመዝናል፤ ያ ክብደት ከምትጭነው ላይ ነው የሚቀነሰው። በሩ ሥር የተለጠፈውን ከፍተኛ ጠቅላላ ክብደት አንብብ፣ ባዶውን ቫን ሚዛን ላይ አውጣው፣ ልዩነቱ ካንተና ከረዳትህ ጋር የሚፈቀድልህ ነው።

ሒሳቡን በራስህ ዋጋ ሥራው፦ በ100 ኪሎ ሜትር የሚያልቀው ናፍጣ በሊትር ዋጋው፣ በሌላ በኩል 29 ኪሎዋት ሰዓት በቆጣሪህ ታሪፍ፤ 25ቱ ከነብክነቱ ማለት ነው። መንገድ ላይ በፈጣን ቻርጀር የምትሞላውን ለብቻው አስላ፣ ከቤት ታሪፍ ይወደዳል፤ ትርፉ የሚጠፋውም ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። የሞተር ዘይት፣ ቺንጊያ፣ ፍሪሲዮን፣ ኢንጀክተር የሚባል ወጪ ይቀራል። ጎማ ግን ቶሎ ያልቃል፤ ክብደቱም የሞተሩ ድንገተኛ ጉልበትም ይፍቀዋል፣ ስትቀይር የጭነት ቁጥሩ እንዳይወርድ። የፍሬን ሸራ ይበረክታል፣ ችግሩ ስለማይሠራ ዲስኩ መዛጉና ካሊፐሩ መያዙ ነው፤ በሳምንት ጥቂት ጊዜ ጠንከር አድርገህ ያዝ፣ የፍሬን ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ ቀይር። ትንሿን 12 ቮልት ባትሪም አትርሳ። እሷ ከሞተች ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖ እንኳ ቫኑ አይነሳም፣ ምክንያቱም ትልቁን የሚያገናኘውን ማብሪያ የምታበራው እሷ ናት።

የባትሪው ዓይነት አያያዝህን ይወስናል። ኤል.ኤፍ.ፒ. (ሊቲየም አይረን ፎስፌት) ከሆነ በሳምንት አንዴ እስከ 100 በመቶ ሙላው። ቮልቴጁ በአብዛኛው ሳይንቀሳቀስ ስለሚቆይ ኮምፒውተሩ ቆጠራው ይጠፋበታል፤ 15 በመቶ ብሎህ ሳለ ድንገት የሚቆመው ለዚህ ነው። ኤን.ኤም.ሲ. (ኒኬል፣ ማንጋኒዝና ኮባልት ያለበት) ከሆነ ለዕለት ሥራ 80 በመቶ ይበቃዋል፣ 100 ረጅም መንገድ በሚኖርህ ዋዜማ ብቻ።

ያገለገለ የምታይ ከሆነ ዓመተ ምርቱን በጥንቃቄ አንብብ። ኒሳን ኢ-ኤንቪ200 እ.ኤ.አ. በ2014 ሲወጣ ባትሪው 24 ኪሎዋት ሰዓት ነበር፤ 40 የሆነው በኋላ ነው። የቀድሞው ሬኖ ካንጉ ዜድ.ኢ. ፈጣን የዲ.ሲ. ቻርጅ ጭራሽ አይቀበልም። ለከተማ ውስጥ አጭር ሥራ ይሆናሉ፣ ላንተ አይሆኑም። ኦቢዲ የሚባለውን የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነብ መሣሪያ ይዘህ የባትሪውን ጤንነት በመቶኛ አንብብ፤ ቀጥሎ ዳገት ላይ እየተረገጠ የሴሎቹን ቮልቴጅ ተመልከት። ሁሉም አብረው ከወረዱ ደህና ነው፤ አንዷ ተለይታ ከወደቀች ቫኑን ተወው። የቻርጅ መሰኪያውም፣ ሲ.ሲ.ኤስ.2 ይሁን ጂቢ/ቲ ወይም ቻዴሞ፣ በመንገድህ ካሉት ቻርጀሮች ጋር መግጠሙን በዓይንህ አይተህ፣ ሰክተህ እመን።

እንግዲህ ላንተ፦ ለብቻው መስመር የምታዘረጋበት ማደሪያ ከሌለህ አሁን አትግዛ። ካለህ 120ው በ60 ኪሎዋት ሰዓት ምንም አይልም። የ200 ኪሎ ሜትሩ ቀን ግን በመጥፎ አየር 60 ሙሉውን ይጨርሳል፤ በ50 ኪሎዋት ቻርጀር ለግማሽ ሰዓት ብትቆም 20 ከዚያም በላይ ታገኛለህ፣ ይህን ከምሳ ወይም ከመጫኛ ሰዓት ጋር ማጋጠም ከቻልክ ይሠራል። በዚያ መንገድ ላይ የሚታመን ቻርጀር ከሌለ ለእነዚያ ቀናት ናፍጣውን አቆይ ወይም ተከራይ። ከመክፈልህ በፊት ሻጩን ቫኑን ለግማሽ ቀን ጠይቀውና የዘወትር ጭነትህን ጭነህ የዘወትር መንገድህን ሂድ፣ ስትነሳና ስትመለስ ያለውን በመቶኛ ጻፍ። 60 ኪሎዋት ሰዓት ያለው ቫን በ70 ኪሎ ሜትር ከ90 ወደ 57 ከወረደ 20 ገደማ በልቷል፣ በ100 ኪሎ ሜትር 28 ማለት ነው፤ ከላይ ያለውን ሁሉ በእኔ 25 ሳይሆን በዚህ ቁጥር እንደገና ሥራው።