«ሌላ ጥያቄ የለኝም» ብለው ከመፈረምዎ በፊት

ጥያቄ፦ በአዳማ የምኖር አናጢ ነኝ። ከአንድ ዓመት ከአራት ወር በፊት አይሱዙ ገጭቶኝ ቀኝ እግሬ ተሰበረ፤ ዛሬም ረጅም ሰዓት ቆሜ መሥራት አልችልም። ሾፌሩ በወንጀል ተከሶ ነፃ ወጥቷል። ባለንብረቱ የሕክምና ወጪዬን ሸፍኗል፤ አሁን 20,000 ብር ጨምሮ «ሌላ ጥያቄ የለኝም» ብዬ እንድፈርምለት ይፈልጋል። ደመወዝተኛ ስላልሆንክ ከዚህ በላይ አታገኝም ተብያለሁ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እባክዎን አይፈርሙ። የእርቅ ስምምነት በተዋዋዮቹ መካከል እንደ መጨረሻ ፍርድ ይጸናል፤ ከፈረሙ በኋላ እግርዎ ቢብስም በሩ ተዘግቷል።

የሾፌሩ ነፃ መውጣት አያስጨንቅዎት። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 የተሽከርካሪ ባለንብረት ምንም ጥፋት ባይኖርበት እንኳ መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። ሊከራከር የሚችለው ጉዳቱ በሙሉ ወይም በከፊል በእርስዎ ጥፋት ደርሷል ብሎ ነው።

ባለንብረቱ የከፈለው ያወጡትን ብቻ ነው፤ ትልቁ ካሳ ገና አልተነካም። አንቀጽ 2091 ካሳው ከጉዳቱ ጋር እኩል ይሁን ይላል፤ አንቀጽ 2092 ደግሞ ወደፊት መድረሱ እርግጥ የሆነ ጉዳትም ከአሁኑ እንዲካስ ይፈቅዳል። ለምሳሌ በወር 9,000 ብር ያገኙ ነበር እንበል። የሐኪሞች ቦርድ የመሥራት ችሎታዎ 30 በመቶ ቀንሷል ካለ፣ በወር 2,700 ብር፣ በዓመት 32,400 ብር ያጣሉ። የቀረበልዎት ገንዘብ የአንድ ዓመቱን እንኳ አይሞላም፤ ከፊትዎ ያለው የሥራ ዘመን ግን ስንት ዓመት ነው? ስለዚህ የቦርድ ማስረጃ ሳይዙ ስለ ገንዘብ አይነጋገሩ። ደመወዝተኛ አለመሆንም ካሳ አያስቀርም፤ አብረውዎት የሠሩ ባለሙያዎችና ያሠሩዎት ሰዎች ይመሰክራሉ፣ የሥራ ውልና ደረሰኝ ካለ ይቀርባል። ልኩን በትክክል ማወቅ ካልተቻለም ዳኛው በአንቀጽ 2102 በርትዕ፣ ማለትም ሚዛናዊና ፍትሐዊ በመሰለው መጠን፣ ይወስናል።

ለሥቃይና ለሐዘን የሚከፈለው የሕሊና ጉዳት ካሳ ግን ያሳዝናል። አንቀጽ 2116 ያስቀመጠው ጣሪያ 1,000 ብር ነው፤ በ1952 ዓ.ም. የተጻፈ ቁጥር። ሌሊቱን በሕመም ለሚያነጋ ሰው ይህን መናገር ሁልጊዜ ያሳፍረኛል፤ ሕጉ መሻሻል አለበት ብዬ አምናለሁ። እስከዚያው ይጠይቁት፣ መብትዎ ነው።

መኪናው በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የሦስተኛ ወገን መድን (በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት የሚገባ ኢንሹራንስ) ሊኖረው ይገባል። መድን ሰጪው የሚከፍለው እስከ ተወሰነ ጣሪያ ነው፤ ከዚያ የሚተርፈውን ከባለንብረቱ ይጠይቃሉ።

ጊዜው ግን እየሄደ ነው። በአንቀጽ 2143 ክስ የሚቀርበው ጉዳቱ ከደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ በመሆኑ ስምንት ወር ቀርቶዎታል። ወንጀል በሆነ ጉዳይ ረዘም ያለ ይርጋ (የክስ ማቅረቢያ የጊዜ ገደብ) ሊሠራ ቢችልም፣ ሾፌሩ ነፃ ስለወጣ በዚያ አይተማመኑ። የዳኝነት መክፈያ ከሌለዎት ከቀበሌ ማስረጃ አውጥተው በደሃ ደንብ (የዳኝነት ሳይከፍሉ) ለመክሰስ ያመልክቱ። በዚህ ሳምንት የትራፊክ ፖሊሱን የአደጋ ሪፖርትና ፕላን ግልባጭ ይውሰዱ፤ ወደ ሐኪሞች ቦርድ የሚመራዎትን ደብዳቤም ይጠይቁ።