ክላትሪንን ሸምድዳችሁ አትለፉት

ልጆቼ፣

ባዮኬሚስትሪ ሳስተምር ከ30 ዓመት በላይ ሆኖኛል። ፈተና ላይ «ክላትሪን ምንድን ነው?» ስል «ከረጢቱን የሚሸፍን ፕሮቲን» የሚል መልስ ይመጣልኛል። ሴሉ ከውጭ አንድ ነገር ሲያስገባ የሴሉ ሽፋን ወደ ውስጥ ይጎደጉድና ተቆርጦ ትንሽ ከረጢት ይሆናል፤ ክላትሪን ያንን ከረጢት እንደ ካባ ያለብሰዋል። አልተሳሳቱም። ግን ማርክ ስሰጥ እጄ ይከብደኛል። መልሱ ካባውን ተራ መጠቅለያ ያደርገዋላ። ካባው እኮ ከነአጋዦቹ ይመርጣል! ወደ ሴሉ ማን እንደሚገባ፣ ማን ውጭ እንደሚቀር እዚያ ነው የሚለየው።

ለ1985ቱ ኖቤል የበቁት ብራውንና ጎልድስታይን ደማቸው ውስጥ ኮሌስትሮል የሚከማችባቸውን ሰዎች ሲያጠኑ አንድ ግራ የሚያጋባ ታማሚ ገጠማቸው። ሴሎቹ ኮሌስትሮል ተሸካሚውን ኤልዲኤል አጥብቀው ይይዛሉ፤ ተቀባዩ ፕሮቲን ጤነኛ ይመስላል። ኤልዲኤሉ ግን ደጅ ላይ እንደቆመ ይቀራል። ኋላ ሲጣራ፣ ተቀባዩ ከተሠራባቸው 839 አሚኖ አሲዶች (የፕሮቲን መገንቢያዎች) የተቀየረው 807ኛው ብቻ ነው፤ በታይሮሲን ፋንታ ሲስቴይን ገብቷል። ይቺ ታይሮሲን ያለችው ወደ ሴሉ ውስጥ በዘለቀው የተቀባዩ ጭራ ላይ ነው። አዳፕተር የሚባሉት ፕሮቲኖች ተቀባዩን ለይተው ክላትሪን ወደለበሰው ጉድጓድ የሚሰበስቡት በእሷ ዙሪያ ባለው ምልክት ነው። ምልክቱ ሲበላሽ ተቀባዩ የሴሉ ሽፋን ላይ እንደተበተነ ይቀራል።

ስለዚህ የፕሮቲን ስም ባነበባችሁ ቁጥር «ይሄ ቢጎድል የቱ ሥራ ይቆማል?» በሉ። እኔ ይህን ጥያቄ የለመድኩት ዘግይቼ ነው። ብዙ ዓመት በሽምደዳ አባክኛለሁ፤ እናንተ አታባክኑ።

ክፍል ውስጥ አሮጌ የእግር ኳስ ይዤ እገባለሁ። «ጥቁሮቹን ቁጠሩ» እላለሁ። ኳሷ ከእጅ ወደ እጅ ትዞራለች። 12 ናቸው። ባለ ስድስት ጎኖቹን ብቻ ብትሰፏቸው ጠፍጣፋ ምንጣፍ ይሆናሉ፤ ጎብጦ እንዲዘጋ የሚያደርጉት 12ቱ ባለ አምስት ጎኖች ናቸው። ክላትሪንም ሦስት እግሮች አሉት። እግሮቹ ተጠላልፈው መረብ ይሠራሉ፤ መረቡ ተዘግቶ ቅርጫት ሲሆን እሱም 12 ባለ አምስት ጎን አለው።

ከዚያ ዳይናሚን የሚባለው ፕሮቲን የከረጢቱን አንገት ይቆርጣል። ይሄን ሁሉም ያውቀዋል።

የምትዘሉት ቀጥሎ ያለውን ነው። ካባው ካልወለቀ ከረጢቱ ከኢንዶሶም፣ ማለትም በሴሉ ውስጥ የገባውን ጭነት ከሚቀበለው ክፍል፣ ጋር አይዋሃድም፤ የተጫነው ሁሉ መንገድ ላይ ይቀራል። ክላትሪን በሙከራ ቱቦ ውስጥ ኤቲፒ (የሴሉ የኃይል ምንዛሪ) ሳያስፈልገው ራሱን ይገጣጥማል። ሴሉ ካባውን ለማውለቅ ግን ኤቲፒ ያወጣል። ኦክሲሊን የሚባለው አጋዥ ፕሮቲን፣ በኤቲፒ የሚሠራውን ፈቺ ፕሮቲን ኤችኤስሲ70ን ይጠራል፤ ቅርጫቱ ይፈታል። የተፈቱት ባለ ሦስት እግሮችም ቀጣዩን ጉድጓድ ሊያለብሱ ይሄዳሉ።