ትርኢቱ በዛ፣ ቀሚሱ ሳሳ

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ ባልደረቦች፤ ባለፈው ዓመት በአንድ ሆቴል አዳራሽ በተካሄደ የፋሽን ትርኢት ላይ አይቼ የወደድኩትን ባለጥለት የሀበሻ ቀሚስ ቀብድ ከፍዬ ለጥምቀት አሠራሁ። በዓሉን አምሮብኝ ዋልኩ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳጥበው ግን የጥለቱ ቀይ ቀለም ለቆ ነጩን በከለው፣ የብብቱም ስፌት ተተረተረ። የፋሽን ትርኢት እንደ አሸን በፈላበት በዚህ ጊዜ ልብሱ ይሻሻላል ብለን ስንጠብቅ ስለምን ጥራቱ ይባስ ብሎ ይወርዳል? ሁለቱ ነገሮች ይገናኛሉ ወይስ የእኔ ዕድል ነው?
አንባቢያችሁ፣ ከኮተቤ

መልስ፦ ይገናኛሉ። ምክንያቱ ግን ብዙ ሰው እንደሚለው የዲዛይነሮች ስንፍና ሳይሆን፣ ትርኢት ለምን እንደሚዘጋጅ መዘንጋቱ ይመስለኛል።

በፓሪስም ሆነ በሚላኖ የፋሽን ትርኢት በመሠረቱ የንግድ ቀጠሮ ነው። ሞዴሎቹ ካለፉ በኋላ የመደብር ገዢዎች ወደ ማሳያ ክፍል ገብተው ልብሱን ይዳስሳሉ፣ ገልብጠው ስፌቱን ያያሉ፣ ከዚያም ያዛሉ፤ ልብሱ መደብር የሚደርሰው ከስድስት ወር ገደማ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 አዲስ አበባ ላይ የተጀመረው ሀብ ኦፍ አፍሪካ ፋሽን ዊክም ዲዛይነሮችን ከገበያ ጋር ለማገናኘት የታሰበ ነበር። ዛሬ በየአዳራሹ ከሚዘጋጁት የብዙዎቹ ትርፍ ግን ሙዚቃው፣ መብራቱና ፎቶግራፉ ነው። ቀሚሱን ገልብጦ የሚያይ ገዢ በሌለበት መድረክ ልብስ የሚሰፋው ከሩቅ እንዲያምር ብቻ ነው። ከመጋረጃው ጀርባ ለቆመ ሰው የሚታየው ሌላ ነው፤ ወገቡ በስፒል የተያዘ፣ ጠርዙ ያልተዘመዘመ፣ በማግስቱ ሊለበስ የማይችል ቀሚስ።

ሌላው ጉዳይ ጊዜ ነው። የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ጥለት ሲሠራ ባለቀለሙን ክር በድሩ መካከል በጣቱ እየለቀመ ረድፍ በረድፍ ያሳልፋል፤ ይህን ማንም ዲዛይነር ላፋጥነው ቢል አይፋጠንለትም። በዓመት አንድ ትርኢት የነበረበት ሰው ለአራትና ለአምስት ሲጠራ ታዲያ የሚቆርጠው ከዚሁ ላይ ነው፤ በእጅ ከተፈተለ ማግ ወደ ፋብሪካ ክር፣ ቀለሙን ከሚይዝ ክር ወደሚለቅ፣ ሲብስም ከተሸመነ ጥለት ወደ ታተመ ይወርዳል። የታተመውን የሽመና ጥበብ አስመስሎ በጥበብ ዋጋ መሸጥ፣ በእኔ አስተያየት፣ ከማጭበርበር አይርቅም።

ጥድፊያው የእኛ ብቻ እንዳይመስልዎ። ዲዛይነሩ ራፍ ሲሞንስ እ.ኤ.አ. በ2015 ከፈረንሳዩ ፋሽን ቤት ከዲዮር ሲለቅ ቤቱ በዓመት 6 የልብስ ስብስቦች ያቀርብ ነበር፤ እርሱም ሐሳብ የሚበስልበት ጊዜ መጥፋቱን በግልጽ ተናግሯል። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ የጣሊያኑ ፋሽን ቤት የጉቺ ዲዛይነር የነበረው አሌሳንድሮ ሚኬሌ በዓመት 5 የነበረውን ትርኢት ወደ 2 እንደሚያወርድ አስታወቀ። ቱኒዚያ ተወልዶ ፓሪስ የሠራው ዲዛይነር አዘዲን አላያ ግን ቀን መቁጠሪያውን ከናካቴው ትቶ ልብሱ ሲያልቅለት ብቻ ያሳይ ነበር።

ወደ እርስዎ ቀሚስ ስመለስ፣ ወደፊት ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ጨርቁን አስመጥተው ይገልብጡት። የተሸመነ ጥለት ክሩ ከጀርባም ይታያል፤ የታተመው ግን ጀርባው የደበዘዘ ነው። እርጥብ ነጭ ጨርቅ ጥለቱ ላይ ይሹበት፤ ነጩ ቀለም ከያዘ ዋጋ አይነጋገሩ። አሁን በእጅዎ ያለውን በተመለከተ፣ ስፌቱን ሠሪው በራሱ ወጪ እንዲያስተካክል መጠየቅ መብትዎ ነው፤ ነጩን የበከለውን ቀለም ለማስለቀቅ ግን በረኪና እንዳይሞክሩ፣ የቀረውን ጥለት ጨርሶ ያጠፋዋል።