ጋሼ፣ ማቴሪያል ካለዎት ይላኩልኝ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ተማሪ በቴሌግራም ጻፈችልኝ። «ሰላም ጋሼ፣ ስለ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ጥናት እየሠራሁ ነው፣ ማቴሪያል ካለዎት ይላኩልኝ።» አልተቆጣሁም። እንዲህ ዓይነት መልእክት በወር ሦስት አራት ይደርሰኛል፣ አንድ ሁለት መጽሐፍ ጠቁሜ እገላገላለሁ። የዚህችኛዋ ግን የራሴን ጉድ አስታወሰኝ፣ እሱን ላጫውታችሁ።

በ1989 እ.ኤ.አ. ሰሜን አሜሪካ ውስጥ የታሪክ ተማሪ ነበርኩ። ያኔ ኢሜይል ማለት ለእኛ ቢትኔት ነው። በ1981 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ያለውን የከተማውን ዩኒቨርሲቲ ከዬል ጋር አገናኝቶ የተጀመረ መረብ ነው፣ በኋላ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዩኒቨርሲቲዎች ገቡበት። መልእክቱን አንዱ ዩኒቨርሲቲ ለሌላው እያቀበለ ያሻግረዋል፣ መሐል ላይ መስመር ከተቋረጠ ደብዳቤህ እዚያው ተራውን ይጠብቃል። ልክ በአውቶቡስ እንደሚላክ ዕቃ በሉት። ፎቶ ማያያዝ የለም። ፊደላችንማ ጭራሽ አይታሰብም፣ የእንግሊዝኛ ፊደልና ቁጥር ብቻ ነው። ግዕዝ ሲያስፈልገኝ ለ«ተ» ትንሹን ቲ፣ ለ«ጠ» ትልቁን ቲ እያደረግሁ በራሴ ዘዴ እጽፍ ነበር። እነ ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ ለዚህ ነገር ሴራ የሚባል ሥርዓት ያበጁት ከዚያ በኋላ ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደላት መዝገብ ውስጥ፣ የገባው ደግሞ በ1999 እ.ኤ.አ. ነው።

የሚገርመው፣ ያንን ኮምፒውተር የወረሩት የሳይንስ ሰዎች ብቻ አልነበሩም። የላቲን፣ የግሪክ፣ የሥነ ጽሑፍ፣ የታሪክ ሰዎችም ነበሩበት። በግንቦት 1987 እ.ኤ.አ. ዊላርድ ማካርቲ ቶሮንቶ ላይ ሂውማኒስት የተባለውን የኢሜይል መወያያ ጀመረ። እዚያ የሚገባ ሰው መጀመሪያ ማን እንደሆነና ምን እንደሚሠራ ጥቂት መስመር ይጽፋል፣ እሱም ለሁሉም ይበተናል። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ደግሞ ፖኪፕሲ በምትባል ከተማ ሠላሳ የሚያህሉ ሰዎች ተሰብስበው ጽሑፍ ኮምፒውተር ላይ በምን መልክ ይቀመጥ ብለው መከሩ። ብዙዎቹ በየክፍላቸው ብቸኛ ነበሩ። ኮሪደሩ ላይ የሚጠይቁት ሰው ስለሌላቸው ነው ወደ መረቡ የሄዱት።

እኔም እንደነሱ ብቸኛ ነበርኩ። የማነበው አንድ የብራና መጽሐፍ ነበር፣ ሚኒሶታ ኮሌጅቪል ካለው የኢትዮጵያ ብራናዎች ስብስብ የመጣ የማይክሮፊልም ቅጂ። መጨረሻው ላይ ጸሐፊው የጨረሰበትን ቀን አስፍሯል፦ ኅዳር 21፣ ረቡዕ፣ ዘመነ ዮሐንስ፣ በ፺፪ ዓመተ ምሕረት። የንጉሥ ስም የለም።

ይቺ «ዓመተ ምሕረት» ዛሬ የምናውቃት አይደለችም። የድሮ ሰዎች በዐቢይ ቀመር ነው የሚቆጥሩት፣ 532 ዓመት ሲሞላ እንደገና ከ1 ይጀምራል። ስለዚህ 92 ማለት 900 ዓ.ም. ሊሆን ይችላል፣ 1432 ዓ.ም.ም ሊሆን ይችላል። ይህ ሳያንሰኝ በዚያ ጸሐፊ እጅ ፺ እና ፸ ይመሳሰሉብኛል። 92 ነው ወይስ 72?

ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጬ ለዚያ መወያያ የጻፍኩት ምን መሰላችሁ? «የኢትዮጵያ ብራናዎችን አጠናለሁ። ስለ ዘመን አቆጣጠር መረጃ ያለው ቢልክልኝ ደስ ይለኛል።» በቃ። ከዚያ ጠበቅሁ። አንድ ሳምንት። ሁለት ሳምንት። ጭጭ።

አኮረፍኩ። አፍሪካዊ ስለሆንኩ ናቁኝ አልኩ፣ ለጓደኞቼም ይህንኑ አወራሁ። ኮምፒውተር ክፍሉን ሌሊት የሚጠብቅ አንድ ልጅ ነበር፣ ታሪክ የሚባል ነገር የማይጥመው። ጥያቄዬን አነበበና «እሺ፣ ይሄን ያነበበ ሰው አሁን ምን ያድርግ?» አለኝ። መልስ አጣሁ።

እንደገና ስጽፈው ሁለት ምሽት ፈጀብኝ። ፎቶ መላክ ስለማይቻል ቁጥሩን በቃላት ሣልኩት፣ ላይኛው ጭረት ወዴት እንደሚያጋድል፣ እግሩ የት እንደሚታጠፍ። ግዕዝ የማያውቅ ሰው እንዲገባው ዐቢይ ቀመር ምን እንደሆነ በሦስት መስመር አስረዳሁ። ቀኑን፣ ዕለቱን፣ ወንጌላዊውን ጻፍኩ። የትኞቹን መጻሕፍት እንዳየሁና የት ላይ እንደተያዝኩ ጨመርኩ። ታዲያ ይህን ስጽፍ ግማሹ ጥያቄ ራሱ ጠራልኝ። ሳላውቀው አውቃለሁ ብዬ የተቀመጥኩት ብዙ ነገር ነበር።

መልሱ በሦስተኛው ቀን መጣ። የላከው ሰው አንዲት የግዕዝ ፊደል አያውቅም። ሥራው የመካከለኛው ዘመን አውሮፓውያን ፋሲካን የሚያሰሉበት የላቲን ሰንጠረዥ ነው። ለካስ ያችው 532 ከእስክንድርያ ተነሥታ ወደኛም ወደነሱም ሄዳለች! እንዲህ አለኝ፦ ጥያቄህ አንድ አይደለም፣ ሁለት ነው። 92 ወይስ 72 የሚለውን ዕለቱ ይፈታልሃል፤ በ92 ኅዳር 21 ረቡዕ ይውላል፣ በ72 ግን ቅዳሜ ነው። ወንጌላዊው አይረዳህም፣ 20 ዓመት ለአራት ስለሚካፈል ሁለቱም ዘመነ ዮሐንስ ናቸው። 900 ወይስ 1432 ለሚለው ደግሞ ዕለትም ወንጌላዊም ጨረቃም አይጠቅምህም፣ 532 ዓመት ሁሉንም ወደነበረበት ይመልሰዋል። እሱን የእጅ ጽሑፍ የሚያውቅ ሰው ጠይቅ።

ጠየቅሁ። የፊደሉ ቅርጽ የአሥራ አምስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው ተባልኩ። 1432 ሆነ፣ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በነገሡ በአምስት ስድስት ዓመት።

እርግጥ ይህን ሁሉ አገር ቤት ያለ አንድ የባሕረ ሐሳብ መምህር በጣቱ ቆጥሮ ይነግረኝ ነበር። አፍሬበታለሁ፣ እስካሁንም ያሳፍረኛል። ግን ያኔ አዲስ አበባ ስልክ መደወል የወር አስቤዛ ነው፣ መምህሩም ስልክ የላቸውም።

እና ልጆች፣ እናንተን የምለምናችሁ ይህንን ነው። «ማቴሪያል ይላኩልኝ» አትበሉ። የያዛችሁን ነገር ጻፉ፣ አንዷን ቃል፣ አንዷን ቀን። የሞከራችሁትን ጻፉ፣ ያልተሳካውንም ጭምር። ሙያችሁን የማያውቅ ሰው እንዲገባው አድርጋችሁ ጻፉ፣ መልሱ ያለው እሱ ዘንድ ሊሆን ይችላል። ስማችሁንና ምን እንደምትሠሩ አስቀድሙ፣ ከባዶ አካውንት የመጣ ጥያቄ እኔን በበኩሌ ደስ አይለኝም። ቻትጂፒቲንም ጠይቁ፣ አልከለክልም። ብቻ እሱ ለተዝረከረከ ጥያቄም የሚያምር መልስ ይሰጣችኋል። እኔ ያኔ ያ ሁለት ሳምንት ጭጭ ባይደርስብኝ ኖሮ ጥያቄዬ ጥያቄ እንዳልነበረ አላውቅም ነበር።

ደግሞ ስትጠየቁ መልሱ። እኔ ከዚያ በኋላ ስለ ግዕዝ የሚጠይቅ ሰው ባየሁ ቁጥር የምችለውን እጽፍ ነበር፣ አንዳንዴ ተሳስቼ ታርሜያለሁ።

አንድ ነገር ግን አላደረግሁም። ለዚያ ሰው 1432 መሆኑን አልነገርኩትም። ጽሑፌን ልጨርስ ስሯሯጥ ረሳሁት፣ ከዚያ አገሬ ገባሁ፣ አገራችን ከኢንተርኔት ጋር በወጉ የተገናኘችው ደግሞ በ1997 እ.ኤ.አ. ነው። የመልሱ ወረቀት አሁንም አለኝ፣ ያ ጠርዙ የተበሳሳና እየታጠፈ የሚወጣው የድሮ የፕሪንተር ወረቀት። አድራሻው ቢትኔት የሚል ነው። አይሠራም።

ለተማሪዋ «በመጀመሪያ የትኛውን ገጽ እያነበብሽ እንደሆነና ምኑ ላይ እንደተያዝሽ ጻፊልኝ፣ ፎቶ መላኩ ይቆይ» ብዬ መለስኩላት። አንብባዋለች፣ ሁለቱ የራይት ምልክት መጥቷል። እስካሁን ግን አልመለሰችም።