«መረጃ አለኝ» ወይስ «ማስረጃ አለኝ»?

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ አካባቢ ባለ ትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝ። ተማሪዎቼ ቴሌግራም ላይ ያዩትን ሁሉ «ማስረጃ» ይሉታል። ከ«መረጃ» አይለይም? «ኢንፎርሜሽን ሊትረሲ»ንስ በአማርኛ ምን ልበላቸው?

መልስ፦ ይለያል፤ ልዩነቱም ከግሶቹ ይጀምራል። «ተረዳ» ብለን «መረዳት»፣ «መረጃ» እንላለን፤ «አስረዳ» ብለን «ማስረዳት»፣ «ማስረጃ»። ደ ወደ ጃ የተለወጠው «መሄድ» «መሄጃ»፣ «መውሰድ» «መውሰጃ» በሚሆንበት መንገድ ነው። እንግዲህ መረጃ እኔው ነገሩን የምረዳበት ነው፤ ማስረጃ ግን ለተጠራጠረኝ ሰው የማስረዳበት። ዳኛ «ማስረጃህን አቅርብ» የሚለው፣ ቀጣሪም የትምህርት ማስረጃ የሚጠይቀው ለዚህ ነው። (ከ«መርዳት» የወጣው «መርጃ» ሌላ ነው። «የትምህርት መርጃ መሣሪያ» «መረጃ መሣሪያ» ተብሎ ተጽፎ ሳይ ቅር ይለኛል።)

በቅርቡ ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ አንድ ወጣት ስልኩን ለጓደኛው ዘርግቶ «ይኸው ማስረጃው!» አለ። አጠገቡ ስለነበርኩ አየሁት፤ ቀን የለው፣ የጸሐፊ ስም የለው፣ መጨረሻው «ተሰምቷል» ነው። ማን ሰማ? ከማን? «ተሰምቷል»፣ «ተብሏል»፣ «ተገልጿል» አድራጊውን ሸሽገው ያልፋሉ። እባክዎ ለተማሪዎችዎ አንድ የቴሌግራም ጽሑፍ በወረቀት ይስጧቸውና እንዲህ ያሉትን ግሶች ያስምሩባቸው። ከየሥራቸውም አድራጊውን ይጻፉ፤ ካጡት ቦታውን ባዶ ይተዉት። ባዶው ከበዛ የያዙት ገና ማስረጃ አይደለም።

ስለ ስያሜው፦ «ኢንፎርሜሽን ሊትረሲ» የሚለውን ቃል በ1974 እ.ኤ.አ. ያመጣው አሜሪካዊው ፖል ዙርኮቭስኪ ነው። በ1989 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር ባወጣው ፍቺ፣ ችሎታው ያለው ሰው መረጃ ሲያስፈልገው ያውቃል፤ ፈልጎ ያገኛል፣ ይመዝናል፣ በአግባቡም ይጠቀምበታል። ቃል በቃል ተርጉሞ «የመረጃ ማንበብና መጻፍ» ማለት ጆሮ ይጎረብጣል፤ ፊደል የቆጠረ ሁሉ መረጃ ይመዝናል ማለትም አይደለም። «የመረጃ አጠቃቀም ክህሎት» ለማስታወቂያ ሰሌዳዎ ይሆናል፤ ግን መመዘኑን ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ዋናው ደግሞ እሱ ነው። ስለዚህ ክፍል ውስጥ «ማጣራት» ቢሉ እመርጣለሁ። ጠላ ሲጣራ አተላው እንደሚቀር ልጆቹ ከቤታቸው ያውቁታል፤ «ወሬውን አጣራ» ሲባልም ሰምተው አድገዋል። «መረጃን ፈልጎ የማግኘትና የማጣራት ችሎታ» ይበሉት። ይረዝማል፤ ቢሆንም ሳይተረጎምላቸው ይገባቸዋል።